በጓሮ በር የመጡት አሥራ አንዱ

የወንድሜን ልጅ «እምነት የጎደላት» ብሎ የጻፈውን ሰው ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ደብዳቤው እዚህ የሥራ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል አለው። እኔ የስልሳ አንድ ዓመት ሴት ነኝ፤ መነጽር ስሠራ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። አንድ ሰው ከመንገዱ ማዶ ዓይኑን አጥብቦ ሲያይ ቁጥሩን ልነግራችሁ እችላለሁ። የዚህችን ልጅ እምነት ለማወቅ ግን ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እሱ በሁለት መስመር ለካሁት አለ። ቁጣዬን ለጊዜው ዋጥ ላድርግና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ወንድሜና ሚስቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አንድ ሻንጣ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ሻንጣውን ገና ሳታስቀምጥ የጠየቀችኝን እስከዛሬ አልረሳሁትም። «አክስቴ፣ እግዚአብሔር ጸሎቴን ሰምቶ ነው የሞቱት ወይስ ሳይሰማ?» አለችኝ። እኔም «እጅሽን ታጠቢና ምሳሽን ብዪ» አልኳት። የሃይማኖት ትምህርቴ በዚሁ አለቀ። እሷም እጇን ታጠበች፣ በላች፣ ጥያቄዋን ግን አልለቀቀችም።

ሱቃችን ሁለት ክፍል ነው። በፊት ለፊት ፍሬም የተደረደረበት፣ ሰው የሚገባበት ክፍል አለ፤ ከመጋረጃ ኋላ ደግሞ ሌንስ የምንሞርድበት ጠባብ ክፍል። ማሽኑ ድንጋዩ እየዞረ ውሃ ይንጠባጠብበታል፤ ማታ ስንዘጋ ነጭ ጭቃ ከሥሩ እንጠርጋለን። ልጅቷ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሽርጥ አስራ ከዚህ ማሽን ፊት ቆመች። መጀመሪያ ያስተማርኳት የሌንሱን መካከል በቀለም ነጥብ ምልክት ማድረግ ነው። ነጥቡ ከሰውየው ብሌን ፊት ካልዋለ ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለራስም ይተርፋል፤ ሰውየው ሲፈዝዝና ራሱን ሲያመው ይውላል። እኔ የፀጉር ያህል ቢዛነፍ «ይለመዳል» ብዬ ልሸጥ እችል ነበር፤ ሽጬም አውቃለሁ። እሷ ግን ሰብራ ትጥለውና እንደገና ትጀምራለች። ሌንስ አባከንሽ በሚል ስንት ጊዜ ተጣልተናል።

እምነቷንም እንዲሁ ነው የሠራችው። በምሳ ሰዓት ማሽኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታነባለች። አንድ ደብተር ነበራት፤ በግራ ገጽ «የገባኝ»፣ በቀኝ ገጽ «ያልገባኝ» ብላ የምትጽፍበት። መጀመሪያ ሰሞን የግራው ገጽ ባዶ ሜዳ ነበር። ጠዋት ማሽኑን ከመክፈቷ በፊት እጇን ሽርጧ ላይ አጣጥፋ ትቆማለች። ጸሎት መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው፤ አንዳንዴማ ክርክር ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን በመጋረጃው ሰማኋት፦ «ይሄ አልገባኝም። ተናድጄብሃለሁም። ግን የትም አልሄድም» ስትል። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጸልይ እንዲህ ያለ እውነተኛ ነገር ለእግዚአብሔር ተናግሬ አላውቅም።

በቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ኅብረት ውስጥ «ወይዘሪት ለምን» ነበር የሚሏት። መሪያቸው ከሷ ስምንት ዓመት የሚበልጥ፣ ቁመናው ያማረ፣ ድምፁ የሚያምር ሰው ነው። ጥያቄ ስታነሳ «እህቴ፣ ጥያቄ የጥርጣሬ በር ነው» ይላታል። ሌሎቹ ይስቃሉ። እሷም አብራ ትስቅና ወንበር ታነሳለች፣ አዳራሽ ትጠርጋለች፣ እሁድ እሁድ የሕፃናቱን መዘምራን ታስጠናለች። ሕፃናቱ ይወዷታል። ለእነሱ ጥያቄ ኃጢአት እንዳልሆነ ነግራቸው ስለነበር መዝሙር ከማጥናታቸው በፊት ግማሽ ሰዓት «ለምን» ብቻ ሲባባሉ ይቆያሉ።

እንግዳ ሰባኪ የመጣው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ወዴት እንደሄደ ግን ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ስብከቱ ሲሞቅ የታሸገ ውሃ የመጣበትን ባዶ ካርቶን ከመድረኩ ፊት አስቀመጠና «መነጽር ያደረጋችሁ ሁሉ ኑ፤ እምነት ካላችሁ እዚህ ጣሉት፤ ዛሬ ዓይናችሁ ተፈውሷል» አለ። ወጣቱ ተሰለፈ። ሠላሳ ሰባት መነጽር ካርቶኑ ውስጥ ገባ። ከሠላሳ ሰባቱ ሃያ ዘጠኙን እኔና እሷ በእነዚህ እጆቻችን የሠራናቸው ናቸው። መነጽር በመነጽር ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ ጥርሷን እንዳጠረሳት ነው የነገረችኝ።

እሷም መነጽር ታደርጋለች። ከቦታዋ አልተነሳችም። ሰባኪው አያት። «አንቺ እህት፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት። «አባቴ፣ ይሄን መነጽር ራሴ ነኝ የሠራሁት። እጄን ስላስተማረኝ ጌታን አመሰግነዋለሁ። ዓይኔን ቢፈውሰውም አመሰግነዋለሁ፤ ያኔ ሳየው አወልቀዋለሁ» አለችው። አዳራሹ አጉረመረመ። መሪው ማይኩን ተቀብሎ «ይህች እህታችን መነጽር ቤት ነው የምትሠራው» አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከኋላዋ አንዷ «ለሆዷ ነው እንግዲህ» ስትል ሰምታለች። ይቺ ልጅ ለሆዷ ብትኖር ኖሮ ስንቱን የተዛነፈ ሌንስ አብረን በሸጥን ነበር።

ሰኞ ጠዋት የጓሮ በራችን ተንኳኳ። በዚያ በኩል የሚመጣ ቆሻሻ የሚወስደው ሰውዬ ብቻ ስለሆነ ባልዲውን ይዤ ከፈትኩ። የቆመችው አስተማሪ ነች፤ ከኅብረቱ ናት። ራሷ ሰሌዳ ላይ የጻፈችውን ከክፍሉ መጨረሻ ሆና ማንበብ አቅቷት ተማሪ እንዳነበበላት እያለቃቀሰች ነገረችኝ። «እናቴ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ፤ ለሥራ ብቻ ነው የማደርገው፤ ቅዳሜ ኪሴ ውስጥ ይቆያል» አለች። ማክሰኞ ልብስ ሰፊው መጣ፤ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ሳይሆን ጣቱን ሲያስገባ ውሎ ጣቱ ወንፊት ሆኗል። ረቡዕ ሁለት ተማሪዎች መጡ፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ በሩ ላይ ተያዩና ሁለቱም ግድግዳ ግድግዳውን አዩ። በሁለት ሳምንት አሥራ አንድ ሰው መጣ። አሥራ አንዱም በጓሮ በር።

እኔ ምን አደረግኩ? ሠራሁላቸዋ። ሳቅኩና ሠራሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው ነው ያሳደጉኝ፤ ደንበኛ ሲሉ ምስጢር ነው። ልጅቷ ሌንሱን ትሞርዳለች፣ ነጥቡን ታስተካክላለች፣ አትናገርም። በአሥራ አንደኛው ላይ ግን ማሽኑን አጠፋችና «አክስቴ፣ ይሄ ውሸት ነው» አለችኝ።

«ምኑ? መነጽር መሥራት ውሸት ሆነ ዛሬ ደግሞ?»

«መነጽሩ አይደለም። በሩ ነው።»

«እና በየትኛው በር ይግቡልሽ? በጣሪያ?»

ማሽኑን መልሳ ከፈተችው። እኔ በቀልዴ ረክቼ ወደ ፊት ለፊት ወጣሁ።

በማግስቱ መሪው ራሱ መጣ፤ እሱ እንኳ በፊት በር ነው። ወንበር ስሰጠው አልተቀመጠም። «እናታችን፣ አንድ ነገር ላረጋግጥ ብዬ ነው» አለ። «ከእነዚያ መነጽራቸውን ከጣሉት ልጆች መካከል ሌላ ለማሠራት የመጣ አለ? ካለ እውነቱን ይንገሩኝ።» አያችሁ፣ ጠየቀኝ። አምላክ ዕድሉን ከነወንበሩ ፊቴ ድረስ አመጣልኝ። አስተማሪዋ ታወሰችኝ፣ ልብስ ሰፊው ታወሰኝ፣ ደግሞም ደንበኛ የሚባል ነገር ታወሰኝ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንድም ሰው አልመጣም» አልኩት። መነጽር ቤት ውስጥ ቆሜ በዓይኔ ማልኩ። ከኋላ ክፍል ሲንጫጫ የነበረው ማሽን ቀጥ አለ። እስኪወጣ ድረስ እንደገና አልተነሳም።

ቅዳሜ ዕለት መሪው መድረክ ላይ ወጥቶ «መነጽር ቤቱ እንኳ መስክሯል!» አለ። ሰው እልል አለ። የኔ ውሸት ምስክርነት ሆና ተጨበጨበላት። ልጅቷ ይህን ስትነግረኝ አልጮኸችም፤ ድምፅዋ ግን የተሞረደ ነበር። «አንቺ አንድ ቃል ዋሸሽ፤ እነሱ ሠላሳ ሰባት ሰው አሳወሩባት» አለችኝ።

ከዚያ ስለ ሹፌሩ ነገረችኝ። ከሠላሳ ሰባቱ መካከል የቤተ ክርስቲያኑን ሚኒባስ የሚነዳው ልጅ አለበት። ገና ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ደግ ነው፣ ለሁሉም ሰው በር የሚከፍት ዓይነት። ቁጥሩ ማይነስ አምስት ተኩል ነው። እንደዚህ ያለ ሰው ያለ መነጽር ሲሄድ ከርቀት ጎረቤቱን ከመብራት እንጨት አይለይም። በመድረክ ላይ «ተፈውሼያለሁ» ብሎ ከሁሉም ቀድሞ የመሰከረው እሱ ነው፤ በጓሮ በር እንኳ አልመጣም። በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት ደግሞ ሕፃናቱን መዘምራን ይዞ ሁለት ሰዓት መንገድ፣ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ፣ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ነው። አሥራ ስምንት ሕፃናት። ልጅቷ ስማቸውን አንድ በአንድ ነገረችኝ።

ማክሰኞ ሹፌሩን ለምና ለምና ሱቅ አመጣችው። የዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ ፊት አቆምነው። ከላይ እስከ ታች ያሉትን ፊደሎች ሳይሳሳት አነበበ፣ የመጨረሻዋን ደቃቅ መስመር ጭምር። እኔ እንኳ ደነገጥኩ፤ ለቅጽበት «እውነት ይሆን እንዴ?» አልኩ። ልጅቷ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች፣ ተጠቅመንበት የማናውቀውን ሌላ ሰሌዳ አውጥታ ሰቀለች። ሹፌሩ የመጀመሪያዋን ትልቋን ፊደል አየ። ሁለተኛዋን መስመር ማንበብ አቃተው። አምስት ዓመት ሙሉ እኛው ጋ ሲመረመር ሰሌዳችንን በቃሉ ይዞት ኖሯል።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ትናንት ሞተር ሳይክል ለጥቂት ነው የሳትኩት» አለ። «ታዲያ አድርገዋ!» አልኩት እኔ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «እንዴት አደርጋለሁ? መስክሬያለሁ። አሁን መነጽር ባደርግ እግዚአብሔርን ውሸታም አደረግኩት ማለት እኮ ነው።»

ልጅቷ ከፊቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። «ያ ዓይነ ስውር ትዝ ይልሃል፣ ጌታ ሁለቴ የነካው? መጀመሪያ ሲነካው ምን ይታይሃል ብሎ ጠየቀው። ሰው ሁሉ ዛፍ መስሎ ነው የሚታየኝ አለ እንጂ እያየሁ ነው ብሎ አላስመሰለም። ጌታ ተቆጣው? አልተቆጣውም። አንተም ዛፍ ነው የሚታየኝ በል፣ ወንድሜ።» ሹፌሩ ከወንበሩ ተነሳ። «ከእሁድ በኋላ አደርጋለሁ» ብሎ ወጣ።

እሷም የሹፌሩን ዓይን ነገር ልትነግረው ወደ መሪው ሄደች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። «ፍርሃት አትስበኪ፤ የገዛ አክስትሽ የመሰከረችውን አልሰማሽም?» አላት። ተመልሳ መጥታ ከፊቴ ቆመች። «አክስቴ፣ ስማቸውን አልጠየቅኩሽም። አሥራ አንድ ብቻ በዪው። ቁጥር ብቻ።» «እሺ፣ ነገ እነግረዋለሁ» አልኳት። ረቡዕ ነገ አልኩ፣ ሐሙስ ነገ አልኩ። ዓርብ ዕለት ምንም አልጠየቀችኝም። ከደንበኞች ካርድ ሳጥን የሹፌሩን የዓይን ቁጥር አውጥታ ሌንስ ስትሞርድ ዋለች፤ ሦስት ጊዜ ሰብራ አራተኛውን ፍሬም ውስጥ አስገባች።

እሁድ ጠዋት እኔም ሄድኩ። ሰው እንደሚጠብቅ ሰው ሆኜ ከግቢው በር አጠገብ ቆምኩ። ሚኒባሱ ታጥቦ ያበራል፣ ሕፃናቱ ነጭ ለብሰው በመስኮት ይንጫጫሉ፣ መሪው ለወላጆች ፈገግ እያለ እጅ ይነሳል። ሹፌሩ የመኪናውን መሪ ጨብጦ ተቀምጧል። ልጅቷ ከመኪናው ፊት ሃያ እርምጃ ያህል ሄዳ ዞር አለች። አንድ ጫማዋን አወለቀችና ከጭንቅላቷ በላይ ከፍ አደረገችው።

«ወንድሜ፣ በእጄ የያዝኩት ምንድን ነው?»

መሪው «እህቴ፣ ከመንገዱ ውጪ» አለ። እሷ ወደ እሱ አላየችም።

«ንገረኝና እወጣለሁ። ምንድን ነው የያዝኩት?»

ሹፌሩ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። ዓይኑን አጠበበ። ከመዘምራን አስጠኚ እጅ ምን ሊኖር እንደሚችል እያሰበ መሆኑን እኔ ከዚያ ሆኜ አየሁት።

«የመዝሙር ደብተር» አለ።

ሕፃናቱ በሳቅ ፈነዱ። «ጫማ ነው! ጫማዋን ነው የያዘችው!» ለእነሱ ጨዋታ ነበር። ከወላጆቹ አንዲት እናት ወዲያው የመኪናውን በር ከፍታ ልጇን ጎትታ አወረደች። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም።

ልጅቷ በአንድ እግሯ ጫማ እያነከሰች ወደ ሹፌሩ ሄደች። ከሽርጧ ኪስ ማውጣት የለመደ እጇ በቀሚሷ ኪስ ገብቶ መነጽሩን አወጣ። «እግዚአብሔር ውሸት እንድንናገርለት አልጠየቀንም። ውሰደው» አለችው። ወሰደና አደረገው። በውስጥ መስተዋቱ ሕፃናቱን አያቸው። ከዚያ ግንባሩን በመኪናው መሪ ላይ ደፍቶ አለቀሰ፤ ሲጨርስ አፍንጫውን ጠረገና «አሁን ይታየኛል። ልጆቹን አሳፍሩ» አለ። ሄዱ። ዘምረው በሰላም ተመለሱ።

ሐሙስ መሪው የፈረመው ደብዳቤ መጣ። «እምነት የጎደላትና ሥርዓት ያወከች ስለሆነች» ከሕፃናት መዘምራንና ከማንኛውም አገልግሎት ለአንድ ዓመት ታግዳለች ይላል። ከታች ደግሞ ምክንያቱን ዘርዝሯል፦ የሹፌሩ ድካም የእሱ የግል እንደሆነ፣ የቀሩት ሠላሳ ስድስቱ ግን ፈውሳቸው በመነጽር ቤቱ ባለቤት ጭምር እንደተረጋገጠ። ባለቤቷ እኔ ነኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉት ይሄ ነው፤ አይጧም እኔው ነኝ።

ጮህኩ። ወረቀቱን ልቀደው ስል ቀምታኝ መሳቢያው ውስጥ ከተተችው። «ከዚያ ቤት ውጪ! ሌላ ቤተ ክርስቲያን ጠፋ? አንቺን የማይመጥኑ!» አልኳት።

«አልወጣም።»

«ለምን?»

ሳቀች፤ ቃሉ የሷ ነበርና። «ቤቱ የመሪው ስላልሆነ። ሌንስ ሲዛነፍ ሌንሱን ነው የምንጥለው፤ የሰውየውን ዓይን አናወጣም» አለች። «ሕፃናቱን መተው ግን በጣም ከብዶኛል።» ይህን ስትል ፊቷን ወደ ማሽኑ አዞረች። «አንቺ ብቻ አንድ ቅዳሜ ነይና አሥራ አንድ በዪ።»

ሦስት ቅዳሜ አለፈ። አንዱን ራሴን አመመኝ አልኩ፣ አንዱን ዕቃ ይመጣል አልኩ፣ ሦስተኛውን ምክንያት እንኳ አላበጀሁም። እሷ ሄዳ በመጨረሻው ረድፍ ትቀመጣለች። ከሹፌሩ በቀር አጠገቧ የሚቀመጥ የለም። አሥራ አንዱ ከፊቷ ተደርድረው፣ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ የማይታያቸውን የመዝሙር ጽሑፍ በቃላቸው ይዘምራሉ። በቃላቸው ያልያዙት ሲሆን ደግሞ ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ።

በመሪው ተናድጃለሁ፣ በሰባኪው ተናድጃለሁ፣ ኪሳቸው ውስጥ በሚንኳኳው መነጽር ሳይሸማቀቁ እሷን ዞረው በሚያዩት ተናድጃለሁ። ቁጣ ሲበዛ ግን አንድ ቀን ዞሮ የባለቤቱን ፊት ያያል። ዛሬ ዓርብ ነው። ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ጀርባ ስትጸልይ ሰማኋት። ስለ መሪው ነው ብዬ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ስለ እኔ ነበር። «አክስቴ ክፉ አይደለችም፤ ስለምትፈራ ነው። እባክህ አትፍረድባት» ትላለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አሳድጌያታለሁ፣ ሥራ አስተምሬያታለሁ፤ ይኸው አሁን እሷ ስለ እኔ ታማልዳለች። አፈርኩ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

የጓሮው በር የተንኳኳው በዚያው ሰዓት ነው። ከፈትኩ። ከሠላሳ ሰባቱ አንዷ ናት፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አውርዳለች። «እናቴ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ...» ብላ ጀመረች።

«ልጄ፣ መነጽሩን እሠራልሻለሁ» አልኳት። «ግን ዞረሽ በፊት በር ግቢ።»

«ሰው ያየኛል እኮ።»

«እኔንም ነገ አዳራሹ ውስጥ ያየኛል» አልኩና በሩን ቆለፍኩት። ላለመሄድ ምክንያት ግን ከአሁኑ ማበጀት ጀምሬያለሁ፤ በዚህም ደግሞ በራሴ እናደዳለሁ።